እየተገፋ ለቅሶ የወጣው ሞተር

አባቴ ሲሞት የደረሰኝ ውርስ አንድ የማይነሳ ሞተር ሳይክል ነው። መሬቱን ታናናሾቼ ይረሱት ተባለ፤ በጎቹ ለእናቴ ቀሩ፤ እኔ የተማርኩ ስለሆንኩና የተማረ ሰው የተበላሸ ነገር እንደሚወድ ስለሚታወቅ፣ ሞተሩ የእኔ ሆነ። ይህን የወሰኑት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አጎቴ ከመወሰናቸው በፊት ማንንም አይጠይቁም፤ ከወሰኑ በኋላ ግን ሁሉንም ሰው እየዞሩ "ተስማምተናል አይደል?" ይላሉ። ጊዜው አገሩ በሙሉ በስብሰባ የሚውልበት ጊዜ ስለነበረ፣ ዘዴውን ከዚያ ሳይቀስሙት አልቀሩም። እኔም እንደ ሌላው ሰው እጄን አወጣሁ።

አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ሞተሩም መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ኮሚቴ ተቋቁሞ ንብረቱን ሲቆጥር "አገልግሎት የማይሰጥ" ብሎ መዘገበውና በጨረታ ሲሸጥ አባቴ ገዛው። አገልግሎት የማይሰጠው ሞተር ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ሠራ፤ ከኮሚቴው አባላት መካከል ይህን ያህል የሠራ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አባቴ የክትባት ሳጥኑን ከኋላ አስሮ፣ የጓሳን ደጋ አቋርጦ፣ የሰው በግና በሬ ሲወጋ ውሎ ይመለሳል።

ቤታችን ከዘመሮ ወጣ ብሎ ከአንድ አፋፍ ሥር ነው። አባቴ አፋፉ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማል። ያን ጊዜ እናቴ የያዘችውን ሁሉ ትታ የእግር ውሃ ትጥዳለች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ፣ ሞተሩ ግቢ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው ለብ ይላል። አባቴ መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ በብርድ የደረቀ እግሩን ከቦቲው እየጎተተ ያወጣል፤ እናቴ ሳፋውን አቅርባ ታጥበዋለች። ሁለቱም ወሬ አይወዱም ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቤት ውስጥ ከሞተሩ የበለጠ የሚያወራ አልነበረም፤ እኔም ወላጆቼ እንደሚዋደዱ ያወቅሁት በዚያ ሳፋ ነው።

ከዚያ አባቴ ታመመ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ አባቴም አልጋ ላይ ዋለ። በመጨረሻ አባቴ ቀደመ።

በእኛ አገር ባለ ፈረስ የሆነ ሰው ሲሞት፣ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ የጌታው ልብስ ተደርቦለት፣ በለቅሶተኛው መሀል ይሳባል። አባቴ ፈረስ አልነበረውም። አጎቴ ግን ወንድማቸው ያለ ፈረስ እንዲለቀስለት ስላልፈለጉ ሞተሩ እንዲወጣ ወሰኑ፣ ተስማማንም። መቀመጫው ላይ ካፖርቱን አለበሱት፤ ቦቲዎቹን ግራና ቀኝ አሰሩለት፤ የኋላ ጎማው ስለተነፈሰ አራት ጎልማሶች ላብ በላብ እየሆኑ ገፉት። ሙሾ አውራጇ ምስኪን ግራ ገባት። ፈረስ ቢሆን ቀለሙንና ግልቢያውን እየጠራች ታሞግሰው ነበር፤ ሞተርን ምን ትበለው? ጥቂት አሰበችና "ገብስ የማይጠይቀው፣ ሣር የማያስወድደው" ብላ አነሳችለት። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ። ሰዎች ያለቀስኩ መስሏቸው ግራና ቀኝ ደግፈው አጽናኑኝ፤ እየደገፉኝ ሳለ እውነተኛው ልቅሶ መጣ።

ለቅሶው ሲበተን እናቴ ጠራችኝ።

"ያን ነገር እንደ በድን ገፋችሁት" አለችኝ። "ለሙት ዓመቱ በራሱ ድምፅ ይምጣ። ከአፋፉ አንድ ጊዜ ልስማው፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉት።"

የፈለግነው ነገር ደግሞ አስቀድሞ ተወስኗል። አጎቴ ሞተሩን ከአፋፉ ማዶ ባለው በረታቸው አስገብተው፣ ከሙት ዓመቱ ማግስት ጎማው ለበረባሶ፣ የቤንዚን መያዣው ለላምባ እንዲሆን አቅደዋል። ስለዚህ የተሰጠኝ ጊዜ ያው እስከ ሙት ዓመቱ ነው። እናቴ በሕይወቷ ከእኔ የለመነችው ሌላ ነገር አላስታውስም፤ ይህን ሳልፈጽም ብቀር ፊቷን እንዴት እንደማይ እያሰብኩ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ቀየት ከተማ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። በጥር ወር፣ የሙት ዓመቱ ዋዜማ ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት እንደተዘጋ አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ይዤ አጎቴ በረት ገባሁ። ካርቡሬተር የምትባለው ቤንዚንና አየር የሚደባለቁባት፣ ጭብጥ የምታህል ዕቃ ናት። ፈትቼ ስከፍታት የአራት ዓመት ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ተጋግሮባታል። ፋቅሁ፣ አጠብኩ፣ ነፋሁ። ከውስጧ ቤንዚኑ የሚያልፍባት፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች። ብሎኗን ወደ ብርሃን ባነሳት ቀዳዳዋ ውስጥ ፀጉር የመሰለች የመዳብ ሽቦ ተሰክታ አየሁ።

እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ሽቦዋን በጥፍሬ መዝዤ አወጣሁና አጎቴን ጠራኋቸው። የሞተሩ ገዳይ መያዙን ነገርኳቸው፤ ባዕድ ነገር ገብቶ ቀዳዳ እንደዘጋ፣ ይህም ዕውቀት በሌለው እጅ የመጣ ጥፋት እንደሆነ በሰፊው አስረዳኋቸው። የክፍል ውስጥ ድምፄን ነበር የተጠቀምኩት። ሽቦዋንም ለማስረጃ በክብሪት ሳጥን አስቀመጥኳት። አጎቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ጎማውን ጫን ጫን እያደረጉ ውፍረቱን መረመሩ።

ጎማውን አስጠግኜ፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በአዲስ ለውጬ፣ ንጹህ ቤንዚን ሞልቼ መርገጫውን መታሁ። ሞተሩ አነጠሰ። አንዴ ጥቁር ጭስ ተፋና ጠፋ። ካንዴላውን ብፈታው በቤንዚን ርሶ ጠቁሯል። አድርቄ መለስኩት፣ መታሁ፣ አነጠሰ፣ ጠፋ። ሦስት ቀን እንዲሁ ዋልኩ። ቀኝ እግሬ አባበጠ። መካሪ ደግሞ አልጠፋም፤ ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በበረቱ በር እየቆመ ይመክረኛል። አጎቴ ሞተሩ ኀዘን ላይ መሆኑን ነገሩኝ። አንድ ጎረቤት ጠበል ይረጭ ሲል ግን ብረት አይጠመቅም ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ጠዋት መቀመጫው ርሶ አገኘሁት፣ ማን እንደሆነም አልጠየቅሁም።

በአራተኛው ቀን ካርቡሬተሯን በጨርቅ ጠቅልዬ በአውቶብስ ቆላ ወረድኩ። እዚያ መለዋወጫ የሚሸጡና ሞተር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ካርቡሬተሯን ተቀብለው አገላብጠው አዩ፤ ከዚያ የራሳቸው ሞተር ላይ ገጠሟትና አስነሱ። ሞተሩ በአንድ ምት ተነሳ፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ወጥ ድምፅ ያሰማ ነበር።

"መምህር፣ ዕቃዎ ጤነኛ ነው" አሉኝ። "ችግሩ ያለው አገራችሁ ላይ ነው። የእናንተ አየር..."

አላስጨረስኳቸውም። የመንዝ ልጅ ቆላ ወርዶ፣ በቆላ ሰው አፍ፣ ስለ አየሩ እንዲህ ሲባል ዝም ብሎ አይሰማም። ከዚያ አየር የጠራ አየር የትም እንደሌለ፣ እኛ ወባ የሚባል ነገር እንደማናውቅ፣ አያቶቻችን በዚያ አየር ስንት ዓመት እንደኖሩ ነገርኳቸው። ሰውየው ፈገግ ብለው ዕቃዬን ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ሻይም ጋበዙኝ። ሻዩን እምቢ ብዬ ወጣሁ። እስከ አሁን ድረስ ያ ሻይ ይቆጨኛል።

አገሬ ስመለስ ካርቡሬተሯን ገጥሜ መታሁ። አነጠሰ። ጥቁር ጭስ፣ ርሶ የጠቆረ ካንዴላ፣ በበሩ የቆሙት መካሪዎች፣ ሁሉም እንደነበረ ነበር። ለሙት ዓመቱ የቀረው ሁለት ቀን ነው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በእግሬ አፋፉን ወርጄ እናቴ ቤት ገባሁ። ለዝክሩ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። እንዳልሆነልኝ ነገርኳት፤ ሞተሩ እንደ አምናው እየተገፋ እንደሚመጣ፣ አለበለዚያም እዚያው እንደሚቀር። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ይህ ከብዶኝ፣ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ላሳያት ብዬ የክብሪት ሳጥኔን አወጣሁና ከፍቼ ሰጠኋት። ሽቦዋን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋቻት።

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

"ከካርቡሬተሩ ውስጥ።"

"የሬዲዮዬ ሽቦ ናት" አለች።

ከዚያ እናቴ በአንድ ዓመት የምትናገረውን ያህል በአንድ ጊዜ ነገረችኝ። አባቴ ሞተሩን የገዛው ሰሞን ጓሳን ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይጠፋበት ነበር። አንድ ቀን ተናዶ ገባና የሬዲዮዋን ሽቦ ልጦ አንዲት ዘለላ መዘዘ። ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ በእጅ ካልተያዘ አልናገር አለ፤ እሷም አንድ ወር ያህል አኮረፈችው። ሽቦዋን ቀዳዳው ውስጥ ሲሰካት ግን ሞተሩ እሺ አለ። ክትባት ሊያመጣ ቆላ ሲወርድ ይነቅላትና በባርኔጣው ዙሪያ ይጠመጥማታል፤ ሲመለስ ደጋው ጫፍ ላይ ቆሞ መልሶ ይሰካታል። የቆላ አየር ወፍራም ነው፣ የእኛ አገር አየር ስስ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ሲሆን ቤንዚኑም መቀነስ አለበት ይል ነበር።

"ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሩም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምሯን ነበር።

ያስተምራሉ። የማስተምረው እኔ ነኝ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር እየሳሳ እንደሚሄድ በዚያው መንፈቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬበት፣ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ። ለተሳሳቱትም ወላጅ አስጠርቻለሁ። አሁን የእኔም ወላጅ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ መልስ ትጠብቃለች። የቆላው ሽማግሌ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ስለ አያቶቼ ማውራቴ ትዝ ሲለኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ከሁሉም የከፋው ግን "ዕውቀት የሌለው እጅ" ያልኩት የአባቴ እጅ መሆኑ ነበር። አባቴ ደብዳቤ ትቶ አልሞተም፤ ለእኔ የተወው ነገር ቢኖር ይቺ ሽቦ ነበረች፣ እሷንም ቆሻሻ ብዬ ነቀልኳት።

በማግስቱ ሽቦዋን ቦታዋ መልሼ ሰካኋት። በሦስተኛው ምት ሞተሩ ተነሳ፤ ጭሱ ነጣ፤ ድምፁም ያ የማውቀው ድምፅ ሆነ። አጎቴ ከመጀመሪያውም እንዲህ እንደሚሆን ተናግረው እንደነበር ለመካሪዎቹ አስታወሱ። ጎማው ግን የእሳቸው መሆኑን እንዳልረሳ ደጋግመው ነገሩኝ።

ሞተሩን እየነዳሁ በረቱን ለቅቄ ወጣሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ ነፋሱ ፊቴን መታኝ፣ ዓይኔም አነባ። ነፋሱ ነው እንዳልል ነፋስ ከውስጥ አይመጣም። እየተጠማዘዝኩ ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ባስቸኩለው የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ግቢ ስገባ እናቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች ብዬ አስቤ ነበር። በር ላይ ሰው የለም። ሞተሩን አጠፋሁና ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይተናል። ሳፋው ከአባቴ መደብ ሥር ተቀምጧል። እናቴ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እግሬን አየች፣ ቦቲ የሌለበትን እግር። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ፊቴ ቀና አለች።

"አንተ ነህ ለካ" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

ልውጣ ወይስ ልቅረብ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ፎጣውን ከትከሻዋ አወረደችና መደቡን በዓይኗ አሳየችኝ።

"ከሞቀ ምን ይደረጋል። እግርህን አምጣ።"

ጫማዬን አውልቄ የአባቴ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ልክ ለብ ብሎ ነበር።