ሲስተር ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ

የሶፍትዌር መሐንዲሷን ኩባንያዋ ሆስፒታል ውስጥ ካስቀመጣት አምስት ወር ሆኗታል። ሥራዋ ነርሶቹ ኩባንያው በሠራው የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚቸገሩበትን አጠገባቸው ሆና እያየች ለኩባንያው ቢሮ መጻፍ ነው። ጻፈች። "ፕሮግራሙ በየሁለት ደቂቃው ይዘጋል፤ ነርስ አንድ በሽተኛ ረድታ ስትመለስ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠይቃታል" ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች። ቢሮው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የክፍሉ አንጋፋ ሲስተር ሲሰለቻቸው የይለፍ ቃላቸውን ፕላስተር ላይ ጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፉት። መሐንዲሷ ይህንንም፣ ችግሩ ምን ያህል እንደከፋ ያሳይልኛል ብላ ጻፈች። ይሄኛውን አነበቡት። የኩባንያው የምርት ኃላፊ "ሠራተኞቻችሁ ምስጢር አይጠብቁም" ብሎ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ላከ፤ ሲስተርም በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

"ልጄ ብዬ አስጠግቼሽ፣ ለካስ የምትሰልዪው እኔን ኖሯል" አሏት።

 ደሟ ፈላ። በዚያው ቀን ቢሮ ሄዳ ኃላፊው ፊት ቆመች።

"ነገ ጠዋት መጥተህ መድኃኒቱን አንተ ትመዘግባለህ። ካልመጣህ አዲሱ እትም ላይ አልፈርምም።"

ያለ እሷ ፊርማ አዲሱ የፕሮግራሙ እትም ሆስፒታል አይገባምና፣ እያጉረመረመም ቢሆን መጣ። ጓንት አጥልቆ ከሲስተር ኋላ ከአልጋ አልጋ ሲል ረፈደ። ሰባተኛው በሽተኛ ላይ ፕሮግራሙ እንደገና ሲዘጋበት "ይሄ ደግሞ ምን ሆነ!" ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

"ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል፣ ልጄ" አሉት ሲስተር፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲሱ እትም በመታወቂያ ካርድ ንክኪ የሚከፈት ሆኖ ለፊርማ ቀረበ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ "እታች ድረስ ወርጄ ያገኘሁት መፍትሔ ነው" ሲል ተጨበጨበለት።

"ደብዳቤውስ?" አለች መሐንዲሷ ከኋላ።

"ማስጠንቀቂያው የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው።"

"ደብዳቤውን የጻፍነው እኛ ነን። ስሕተቱ የእኛ ነበር ብለህ ለሆስፒታሉ እስክትጽፍ እኔም እትሙ ላይ አልፈርምም።"

 ኃላፊው ሁለት ቀን አኮረፋት፤ በሦስተኛው ጻፈ። ወረቀቱን ራሷ ወሰደችላቸው። ሲስተር ሁለቴ አንብበው ኪሳቸው ከተቱት።

"ከእንግዲህ ስለ እኔ ስትጽፊ" አሏት፣ "መጀመሪያ ለእኔ አንብቢልኝ።"

"እሺ" አለች። ከዚያ ወዲህ ለነርሶቹ ሳታነብ የላከችው ሪፖርት የለም። ኃላፊውን ግን ዛሬም ስታየው ቆሽቷ ያርራል።