አጥንት የሚያሳየው መነጽር

ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪዬ አባት ጋራዡን ሲያጸዳ ያገኘውን አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ የኮሚክ መጽሔት ለክፍላችን ይሁን ብሎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑን ስከፍተው የወጣው ሽታ፣ ያ ርጥበት ነክቶት የደረቀ ርካሽ ወረቀትና ያረጀ ቀለም ሽታ፣ ፊቴን እስከ ጆሮዬ ድረስ አጋለው። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፈገግ ይላል፤ እኔ አፈርኩ። የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ ነገርን ከመጀመሪያው አንሥቼ በቅደም ተከተል ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ስለዚህ ያፈርኩበትንም በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ እናቴና እኔ ከአገር ወጥተን፣ ከፌርፋክስ አቬኑ ጀርባ፣ ደረጃው በእርምጃችን ሁሉ በሚያቃስት አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። የእኛ ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ገና አንድ ሁለት እያለ መከፈት የጀመረበት ጊዜ ነው። ከእኛ ጋር አንዱን መኝታ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ታክሲ ነጂው ጋሼ መኮንን ነበር። ከሥራችን፣ ምድር ቤት፣ እትዬ ዘሐራ ይኖሩ ነበር፤ ወሎዬ ናቸው፣ ፒኮ ጎዳና ላይ ባለ ላውንድሪ ቤት ልብስ ያጥፋሉ፣ ያሳጥራሉ፣ እናቴ ከሆቴል ሥራዋ እስክትመለስ ድረስም ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝ እሳቸው ነበሩ።

በመንገዳችን ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነበረው። እትዬ ዘሐራ ጎናቸውን የሚወጋቸው ነገር እስኪያልፍ ከሱቁ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ፣ እኔ በሩ አጠገብ ካለው ሣጥን ውስጥ እኔ ከመወለዴ ከብዙ ዓመት በፊት የታተሙ የኮሚክ መጽሔቶች እየመዘዝኩ አነብ ነበር። አንብቤ በንጹሕ ከመለስኩ ሽማግሌው ወደ ቤት ይዤ እንድሄድም ይፈቅድልኛል። እንግሊዝኛዬን ያስተካከለልኝ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን መቃብር፣ ጭጋግና አረንጓዴ እጅ የሞላባቸው እነዚያ ገጾች ናቸው።

ለማያውቃቸው ላስረዳ። ታሪኮቹ ሁሉ የሚያስፈሩ ናቸው፤ ግን ደም ከማፍሰስ ይልቅ ማስጨነቅ ይወዳሉ። ቆብ ያጠለቀ አንድ ቀጭን ሰው መጀመሪያ ላይ ብቅ ብሎ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይም ተመልሶ ጣቱን ወደ አንባቢው ይቀስራል። አንዱን ዛሬም አልረሳሁትም፤ አንድ ሰዓት ሠሪ ከማይታወቅ ነጋዴ መነጽር ይገዛል፣ በመነጽሩ ግድግዳውን አልፎ ያያል፣ የሬሣ ሣጥን ክዳን አልፎ ያያል፣ በመጨረሻ የራሱን የዐይን ቆብ አልፎ ማየት ይጀምርና ከዚያ በኋላ ዐይኑን ጨፍኖም መተኛት ያቅተዋል። ሦስት ሌሊት አብሬው ሳልተኛ አደርኩ። ገጹን ስትገልጡት ግን፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው የፊደል አጣጣል፣ ከሥጋ በታች ያለውን አጥንት የሚያሳይ መነጽር ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ ነበር። ከጎኑ ከጣሪያ ላይ የሚንሳፈፍ መንፈስ፣ ሰው የሚያፈዝ ትምህርት፣ በወር የሚያብጥ ጡንቻ ተደርድሯል። ታሪኩ አትዪ ብሎ አስፈራርቶኝ ሳይጨርስ ማስታወቂያው እዪ ይለኛል። ዛሬ ለተማሪዎቼ የቱ ታሪክ፣ የቱ ሽያጭ እንደሆነ በሁለት ቀለም አስምሬ አሳያለሁ፤ ያኔ የሚያሰምርልኝ አልነበረም።

ሽማግሌውን እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከት ብሎ ሳቀና ወደ ጓዳ ገብቶ አቧራ የጠጣ ትንሽ ካርቶን ይዞ ወጣ፤ ራሱ መነጽሩ ነበር፣ ማሸጊያው ብጫ ሆኖ። ውሰጂ፣ ያየሽውን መጥተሽ ንገሪኝ ብሎ በነጻ ሰጠኝ።

ያን ቀን ቤታችን በአንድ እግሩ ቆመ። መነጽሩን አድርጌ ሳሎን ስገባ ጋሼ መኮንን ጋዜጣውን ከፊቱ ወደ ጭኑ አወረደው።

«እናንተ! ይቺን ልጅ ስቶፕ አድርጓት! ሶ አሁን ሱሪ ለብሼም አልለበስኩም ማለት ነው?»

እናቴ እያሳቃት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደራረበች። በማግስቱ ግን ምስጢሩን ደረስኩበት። እጄን ሳይ አጥንት አለ፣ እርሳሴን ሳይም አጥንት አለ፣ የተቀቀለ እንቁላል ሳይም አጥንት አለ። ካርቶኑን በጥፍሬ ፈልቅቄ ባየው በሁለት ወረቀት መካከል አንዲት ቀጭን ላባ ተለጥፋለች። ብርሃን በላባዋ ክሮች መካከል ሲያልፍ ይበተንና አንዱን ነገር ሁለት ያደርገዋል፣ ሁለቱ የተደራረቡበት ቦታ ጠቆር ይላል፣ ያ ጥቁረት ነው አጥንት የሚመስለው። ለጋሼ መኮንን ነገርኩት። ቀልዱ ስለጣመው ሊሰማኝ አልፈለገም፤ ባየኝ ቁጥር ጋዜጣውን ማውረዱን ቀጠለ።

ሌላ አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስገባት አለብኝ፣ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የጋሼ መኮንን አባት አገር ቤት አርፈው ነበር። መርዶውን የሰማችው እናቴ ነበረች፤ እንደ ወጉ ለራሱ አልተነገረውም፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሥራ የሚያርፍበት እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንዲያረዱት ተቆረጠ። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ከሁሉ የተፈራሁት እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ካርታ የሚጫወተው ከእኔ ጋር ነው። እትዬ ዘሐራ አስቀምጠው መከሩኝ። «ቢጠይቅሽ ምንም አልሰማሁም በይው። ፊትሽንም አታጥቁሪው።» እንደፈሩትም ጠየቀኝ፤ ቤቱ ምን ያንሾካሹካል አለኝ። ምንም አልሰማሁም ጋሼ አልኩት፣ ፊቴን ሳላጠቁር፣ ካርታዬንም ሳልጥል። እትዬ ዘሐራ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ይቺ ልጅ የትልቅ ሰው አንጀት አላት ብለው ለሰዉ ሁሉ ተናገሩልኝ፣ እኔም ኮራሁ።

የእትዬ ዘሐራ ጎን እየባሰበት ሄደ። ቅባት ያለው ነገር ከቀመሱ ከቀኝ ጎድናቸው በታች ይዞ ያጥፋቸዋል። እናቴ ክሊኒክ እንሂድ ብላ ብትለምን ብታስለምን እንቢ አሉ። የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና ስላላለቀ የሚፈሩ ይመስላት ነበር፣ እሳቸው ግን የሚፈሩት ሌላ ነበር።

«እዚህ አገር ሐኪሙ የሚነግረው ለራስሽ ነው» ይሉ ነበር። «ዘመድ አይጠራ፣ ሽማግሌ አይጠራ፤ እግሩን አጣምሮ ቁጭ ብሎ ትሞቻለሽ ይልሻል። እኔ ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ አልሰማም።»

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ቆሙ። ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ጎናቸው ላይ ለጠፉትና መነጽሩን እንዳደርግ ጠየቁኝ። እንደዚያ ለብርሃን ተሰጥተው ሳያቸው፣ አንድ ትልቅ ሰው እኔን ለመለመን ይህን ያህል መፍራቱን ሳይ፣ መሬቱ በዋጠኝ አልኩ።

«እስኪ እዪኝ የኔ ልጅ። ከባዕድ ከምሰማው ካንቺ ይሻለኛል።»

«እትዬ፣ ምንም አይታየኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። ውሸት ነው እኮ! ላባ ነው ያለበት።»

ፊቴን መረመሩ። «ለመኮንንም እንዲሁ ነበር ያልሽው» አሉ።

ከእሳቸው የተማርኩትን ወላሂ ደጋግሜ ማልኩ። መነጽሩን ቀድጄ ላባዋን አወጣሁላቸው። አላመኑኝም። ማስረዳት አቅቶኝ፣ ከእፍረት ብዛት ማልቀስ ጀመርኩ፣ እንባዬ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አተመው።

«አብሽሪ፣ አታልቅሺ» አሉኝ፣ ፊቴን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «ወግ ነው ያደረግሽው። ገብቶኛል።»

በዚያ ሳምንት የቤታቸውን ቁልፍ ለእናቴ ሰጡ። ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አሉ፣ በሬዲዮው ጩኸት ምክንያት ለሁለት ወር ያኮረፉትን ጋሼ መኮንንን ሳይቀር። እናቴ ደንግጣ ስትጠይቃቸው፣ ልጅሽ ሳትነግረኝ ነግራኛለች፣ ከእንግዲህ የሐኪሙ አያስፈራኝም አሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ። የገዛ እናቴ!

ጋሼ መኮንን በታክሲው ለድሃ ወደሚያክም ክሊኒክ ወሰደን፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ በምስል አይቶ የሐሞት ጠጠር መሆኑን፣ ቶሎ ካልወጣ አደገኛ እንደሚሆን፣ ከወጣ ግን እንደሚድኑ ተናገረ። ይድናሉ ብዬ ስተረጉም እትዬ ዘሐራ የሚያዩት ሐኪሙን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር፣ የደበቅሁት እንዳለ ሲፈልጉ። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥሎ ካሳያቸው በኋላ ነው ትንፋሻቸው የወረደው። ወዲያው ክንዴን ያዙና አንቺ ቀድመሽ እንዳየሽው ንገሪው አሉኝ። አይሆንም ብል ጮክ ብለው ደገሙት። ወደ ጫማዬ እያየሁ፣ በመጽሔት ላይ የሚሸጠውን መነጽር አድርጌ ያየሁ ይመስላቸዋል አልኩት። ሐኪሙ ሣቀ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ ሥራ ባልደረባው እጄን ጨበጠኝ። ለእትዬ ዘሐራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ተቀደው ዳኑ። ጠጠሮቹን ሆስፒታሉ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ሰጣቸው፣ እሳቸውም ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጡት። በየኢዱ፣ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ከጎናቸው ያስቀምጡኝና ይቺ ናት ያየችው እያሉ ብልቃጡን ያዞራሉ። እኔ አቀርቅሬ ምንም አላየሁም ስል ሰዉ ጨዋነቴን ያደንቃል። አንዲት ነፍሰ ጡር ወንድ ይሁን ሴት እዪልኝ ብላ ሆዷን ይዛ መጥታ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ተቀምጫለሁ። ጋሼ መኮንን ደግሞ ከበሩ ውጪ «ዶክተር! ቢዚ ነሽ? ኩላሊቴን ፓርክ ያደረግሁበት ቦታ ጠፋብኝ!» ይል ነበር።

ሃይስኩል ስገባ የብርሃንን ትምህርት ተማርኩና ይህን ነገር አንድ ቀን ልቋጨው ብዬ ተነሣሁ። ሥዕል ሠራሁ፣ ባትሪ አመጣሁ፣ የትራስ ላባ ይዤ እትዬ ዘሐራን ከግድግዳ ፊት አስቀመጥኩና ብርሃን እንዴት እንደሚበተን ከአንድ ሰዓት በላይ አስረዳኋቸው። በሕይወቴ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ማሻ አላህ፣ አቤት አገላለጽ! አስተማሪ ትሆኛለሽ» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «እና ጠጠሩን የቱ ጋ ነበር ያየሽው?»

ባለፈው ክረምት፣ አርጅተው፣ በእንቅልፋቸው ላይ አረፉ። ለቅሶው ላይ ኮሪያታውን ሰፈር ያደገች የእህታቸው ልጅ ቤቱን ስታስተካክል ብልቃጡን አነሣችና አንቺ ነሽ አየች የሚሉሽ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላየሁም አልኳት፣ ስንት ዓመት እንዳልኩት። «ኦፍ ኮርስ» አለች፣ ዐይኗን እንኳ ከሥራዋ ሳታነሣ፣ ብልቃጡንም ከባዶ መድኃኒት ዕቃዎቹ ጋር ፌስታል ውስጥ ጣለችው። ስመኘው የኖርኩት መልስ ይኸው ነበር። ደርሶ ሲመጣ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደገና ፊቴ ጋለ፤ በዚህኛው እፍረት ውስጥ አጋር የሚሆነኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ካርቶኑን ለተማሪዎቼ ከፈትኩላቸው። አጥንት የሚያሳየውን መነጽር ማስታወቂያ አንዷ ልጅ ገና ከሩቅ እንዳየችው ፌክ ነው አለች፣ ሌሎቹም ሣቁ። ሁለቱን ቀለሞቼን ይዤ ቀረሁ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አለቀ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ገጹን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት፣ ከዚያ ካርቶኑን ዘጋሁት። ከእትዬ ዘሐራ በኋላ ምንም አላየሁም ስል ሁሉም ሰው ያምነኛል።