«ዱባ!» ብዬ የጮህኩበት ፊልም

ጭራቁ ከልጅቷ ኋላ መቆሙን ከቪዲዮ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። «ዱባ! ዱባ ኬ!» ብዬ ጮህኩ። በኦሮምኛ «ከኋላሽ!» ማለቴ ነው።

ይህን ትናንት ያስታወሰችኝ ልጄ ጫልቱ ናት። አምቦ ገበያ ዱባ ስንመርጥ አንዱን አነሳችና እኔን እናቷን «አዮ፣ ይሄን ታስታውሺዋለሽ?» ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ከደጋው ከጎጆ ከተማ ብርድ ወደ አምቦ ከወረድን ብዙም አልቆየንም። ክረምት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባርረን ቪዲዮ ቤት ገባን። ጫልቱ ትንሽ ነበረች፤ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ትኩስ ቅቅል ድንች ገዝቼላት በወረቀት ይዛለች። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ቤቱ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። እኔ ትምህርቱን ብዙ አልገፋሁበትም፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ግን ፊልሙን በማይክ ይተረጉም ስለነበር ምንም አላመለጠኝም።

ተዋንያኑ ሁሉ ልጆች ናቸው፤ ጢም ያለው አንድ እንኳ የለም። ወንጪን የመሰለ ሐይቅ ዳር ሽርሽር ወጥተው ሳለ ከሰማይ አንድ ነገር ወደቀ። ይህ ጭራቅ የሰው ድምፅ ይሰርቃል። በወንድምህ ድምፅ ይጠራሃል፤ ወደ እሱ የሄደ አይመለስም። እንዴት ደስ ይል ነበር! እየፈራሁ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

እኔ «ዱባ!» ስል ከጎኔ የነበረው ሾፌር ዞረብኝ። ከጎጃም ጭነት ይዞ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም።

«ምነው እህቴ፣ ዱባ ካለሽ ለእኛም አቅምሺን እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በዚያው መሃል መብራት ጠፋ። ሰው ወደ በሩ ተንጋጋ፤ አግዳሚው ተገለበጠ። እጄን ብሰድ ጫልቱ የለችም። ይረግጡብኛል ብዬ ስሟን ተጣራሁ፤ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ድምፄን ዋጠው።

ከዚያ ከጀርባዬ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አዮ፣ ዱባ ኬን ጂራ!» እማዬ፣ ከኋላሽ ነኝ።

የልጄ ድምፅ ነው። ግን ፊልሙ ገና ከራሴ አልወጣም፤ እግሬ እዚያው ተተከለ።

«ደግሞ ዱባ አለ!» አለ ሾፌሩ በሹክሹክታ። «እህቴ፣ እሱ እንዳይሆን፣ እንዳትሄጂ!»

እየቀለደ ይሁን ፈርቶ እስካሁን አላውቅም። ጭራቅም ቢሆን፣ በልጄ ድምፅ እየጠራኝማ አልቀርም ብዬ ዞርኩ። እጄ ትንሽ እጅ አገኘ። አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት፤ ድንች ድንች፣ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይላል። ጭራቁ ድምፅ ይሰርቅ ይሆናል እንጂ ይሄን ከየት ያመጣል? ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

መብራቱ ሲመለስ ወደየቤቱ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ፊልሙ ቀጠለ። ጭራቁ ብቅ ባለ ቁጥር ቤቱ በሙሉ፣ ሾፌሩም ጭምር፣ «ዱባ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ልጅቷም ዳነች።

ትናንት ከገበያ ስንመለስ ጫልቱ ዱባውን ታቅፋ ትከተለኝ ነበር። አሁን በቁመት በልጣኛለች። የእናት ፍርሃት ግን ልጅ አደገ ብሎ አይለቅም፤ ዛሬም ትንሽ ስትዘገይ በር በሩን አያለሁ። ደጃችን ደርሰን ቁልፉን ስፈልግ፣ ድምፅዋን እንደ ያኔው አቅጥና «አዮ፣ ዱባ ኬን ጂራ» አለችኝ።

ሳልዞር ሳቅኩ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ግቢ፣ ቤት ደርሰናል። ደህና ነን።»