በእሑድ የተቀባው ምልክት

ቦንጋ ውስጥ ብየዳ የሚሠራ ሰው ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ጆሮውን ወደ ወፍጮ ቤት ይጥላል። ወፍጮው እየፈጨ ከሆነ በመስመሩ ላይ ያለው ኃይል ይደክማል፤ ወፍጮው ሲቆም ኃይሉ ተመልሶ ይመጣል። በዚያን ዘመን ይህን የማያውቅ በያጅ በከተማው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር። እኔ ከጅማ ዲፕሎማ ይዤ የተመለስኩ ሰው ነበርኩ፤ የሰፈር በያጅ የሚያውቀውን መጠየቅ ደግሞ ለዲፕሎማዬ ውርደት ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ሥራ ፈላጊው ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ እየተባለ የሚደራጅበት ነበር። እኛም አምስት ሆነን ተደራጀንና ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የቆርቆሮ ሼድ ተሰጠን። ከአምስታችን ሥራውን በእርግጥ የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል። ብየዳን የለመዱት በጎረምሳነታቸው ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው፤ ፊደል የቆጠሩት ደግሞ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። እኔ በተፈጥሮዬ ነገረኛ ነኝ፤ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ሰው ቶሎ ይሰለቸኛል። እሳቸውን ግን እወዳቸው ነበር።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እዚያው ከተማ ውስጥ በእጅ በተጠቀለለ ትራንስፎርመር ነው። ያ ማሽን ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። ጎኑ ላይ በተርታ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ገመዱን ከአንዱ ነቅለው ሌላው ላይ ይሰካሉ፤ ማስተካከያው ይኸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን ዞር አድርገው የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ብረት ላይ ጫር ያደርጉና ያዳምጣሉ። "ገና ነው" ይላሉ፤ ወይም "አበዛነው"። ድምፁ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ሲሆን ብቻ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ሥራ ይጀምራሉ።

ዓይናቸውን የበላውም ይኸው ጫር ማድረግ ነው። አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁራቸው ጥሬ ድንች ቆርጠው ዓይናቸው ላይ እንደሚያስሩ ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውኛል። እኔ በተቀላቀልኩ ጊዜ ግን ነገሩ ከድንች አልፎ ነበር። የቀለጠው ብረት ይታያቸዋል፤ ብርሃን ነዋ። ደቃቅ ነገር ግን አይታያቸውም። ለማንም አልተናገሩም። እኔም ያወቅሁት አንድ ቀን ሜትሩን ወደ እኔ ዘርግተው "ስንት ይላል? እጄ ቆሽሿል" ሲሉኝ ነው። እጃቸው ንጹሕ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በድጋፍ መልክ አዲስ ማሽን መጣልን። ባለ ጎማ ትልቅ ሣጥን ነው፤ በአንዱ ሣጥን ሦስት ዓይነት ብየዳ ይሠራል፤ በኤሌክትሮድ፣ በጥቅልል ሽቦና በአርጎን። ፊቱ ላይ ሰሌዳ አለው። በሰሌዳው ላይ የብየዳውን ዓይነት የሚመርጥ ቁልፍ፣ ቮልቱን የሚጨምርና የሚቀንስ ማዞሪያ፣ የሽቦውን ፍጥነት የሚወስን ሌላ ማዞሪያ አሉ፤ በየማዞሪያው ዙሪያ ደግሞ ጉንዳን የሚያካክሉ ቁጥሮች። አርጎኑን አንድም ቀን አልተጠቀምንበትም፤ ጋዙን ከአዲስ አበባ ማን ተሸክሞ ያመጣዋል? ጋዝ የማይፈልግ ሽቦ ስላገኘን ሥራችን ሁሉ በሽቦ ሆነ።

ማሽኑን ያስረከበን የጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮ ባለሙያ ሼዱ መሐል ቆሞ ማስጠንቀቂያ ሰጠን።

"ኦፕሬተር የሚሆነው ሴቲንጉን ራሱ አንብቦ የሚያስተካክል ሰው ብቻ ነው። ማንዋሉ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። የማያነብ ሰው እንዳይነካው!"

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ስማቸው ከእኔ ስም ጋር በኦፕሬተርነት ተመዘገበ፤ ያለ እሳቸው ማን ይመዘገባል? የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ ሥራውን መሥራት ያልቻለ አባል ይሰናበታል ይላል። ደንቡን በጥሩ እጅ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባለሙያው ከሄደ በኋላ ጋሼ ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ሚስቴ ሞታለች። ልጆቼ አንዱ ቴፒ፣ አንዱ የት እንዳለ እንጃ። ከዚህ ከወጣሁ ግድግዳ ሳይ መዋሌ ነው፤ እሱም ከታየኝ።" ሳቅ ለማለት ሞከሩ። "ቁጥሩን ቀስ ብለህ ትነግረኛለህ?"

"እነግርዎታለሁ" አልኩ።

ጥቂት ሳምንት እንዲያ ከረምን። እኔ መዶሻ የማነሳ መስዬ ጎንበስ እልና ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያዞራሉ። የቀሩት አባላት ግን እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። አንደኛው "እናንተ ደግሞ ጸሎት የምታደርሱ ትመስላላችሁ" ብሎ ቀለደብን። ሳቅን፤ ውስጤ ግን ፈራ። አንድ ብልሃት መፈለግ ነበረብኝ።

ያገኘሁት ብልሃት በጣም አኩርቶኝ ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ከእህቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ተዋስኩና ሼዱን ከፈትኩ። ከተማው ጸጥ ብሏል። ገበያ የለም፤ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው። ማንም አልረበሸኝም። ቁርጥራጭ ብረት ሰብስቤ፣ ለቀጭን ላሜራ፣ ለቱቦና ለወፍራም አንግል ብረት የሚሆነውን ቮልትና የሽቦ ፍጥነት አንድ በአንድ ሞከርኩ። የበየድኩትን ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ ደበደብኩት፤ ይጎብጣል እንጂ አይላቀቅም። ትክክለኛውን ቦታ ሳገኝ ቀለሙን ደጋግሜ እየደረብኩ በጣት የሚዳሰስ ጉብታ አደረግሁበት። ለላሜራው አንድ ጉብታ፣ ለቱቦው ሁለት፣ ለአንግሉ ሦስት። በየማዞሪያው ጫፍ ላይም ከጉብታው ጋር የሚገጥም ጭረት በሞረድ አወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይመጣ እጃቸውን ይዤ ሰሌዳው ላይ አኖርኩት። ጣታቸው ጉብታዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ዳሰሰ። ደግመው ከአንድ ጀመሩ።

"ቀይ ነው አይደል?" አሉኝ። "ቀይነቱ ይታየኛል።"

ከዚያ በካፊኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። በሕይወቴ ለሰው የሠራሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው ብዬ አመንኩ። ዛሬም ሳስበው ያ ጠዋት ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱም ያናድደኛል።

ነገሩ ለሳምንት ያህል ሰመረ። ጋሼ ማንንም ሳይጠይቁ ማሽኑን ያስተካክላሉ፤ የቀሩትም መተያየታቸውን ተዉ። አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ከተማው ሲደምቅ፣ ጋሼ ማዞሪያውን ምልክቱ ላይ ካደረሱ በኋላ ትንሽ አሳልፈው ይተዉታል። ጣታቸው የሳተ መሰለኝ። ድካሜን ሁሉ ከንቱ እያደረጉት መሰለኝ።

በአንድ የገበያ ቀን ከደካ ወዲያ ካለ ቀበሌ ሁለት የእድር ሰዎች መጡ። መኪና ከማይደርስበት መንደር በሽተኛ የሚያወጡበት የብረት ቃሬዛ ማሠራት ፈልገው ነው። የእንጨቱ ቃሬዛ በዝናብ እየበሰበሰ አስቸግሯቸዋል። ቱቦውን ቆረጥኩ፤ ጋሼ ሊበይዱ ተቀመጡ። ማዞሪያውን ምልክቱ ላይ አደረሱ፤ ጫር አድርገው አዳመጡ፤ ከዚያ ጣታቸው ምልክቱን አለፈ።

"ጋሼ!" አልኩ። ጮኽኩ ማለት ይሻላል፤ የእድሩ ሰዎች ዞር ብለው አዩን። "ምልክቱን ለቀቁት እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?"

"ድምፁ ደከመብኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"ድምፁን ይተዉት! ሰሌዳውን ይመኑ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀልድ ይመልሱልኝ ነበር። ያን ቀን ግን ማዞሪያውን ወደ ጉብታው መለሱት፤ "እሺ፣ እንዳልክ" አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው ይጮኻል፤ ሰሚ ቢኖር። ጋሼ የበየዱትን እኔ በግራይንደር አስተካከልኩት፤ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ያማረ ሥራ ነበር። የእድሩ ሰዎች መርቀውን ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲያ የጋሼ ጣት ምልክቱን አልፎ አያውቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ ቃሬዛው ተመልሶ መጣ። ሰዎቹ ያው ሁለቱ ናቸው። አንዱ እጀታ ከማዕዘኑ ተላቅቆ ለብቻው ተይዟል። ትኩሳት የጣላቸውን አንዲት እናት ተሸክመው ቁልቁለት ሲወርዱ ነው የተላቀቀው። ሴትዮዋ ከነጋቢያቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ከትኩሳቱ ድነዋል፤ የተሰበረው ክንዳቸው ግን ጠሞ ነው የገጠመው፤ ከእንግዲህ ውኃ አይቀዱበትም። ሰዎቹ አልጮኹብንም። ቃሬዛውን መሬት ላይ አስቀምጠው እጀታውን አጠገቡ አኖሩት። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

የተላቀቀውን እጀታ አንስቼ አየሁት። የቱቦው አፍ ምንም ነገር ነክቶት የማያውቅ ይመስል ሙሉ ነው። ብየዳው በላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልገባበትም፤ ብረቱ ሳይሞቅ የተበየደ ነው። ይህን እያየሁ ሳለ ማዶ ወፍጮው ተነሣ። ራሳችን ላይ ያለው አምፖል ወዲያው ደበዘዘ። እጀታውን እንደያዝኩ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምልክቶቹን የቀባሁት እሑድ ነው። ወፍጮ በሌለበት ቀን፣ ኃይሉ ሙሉ በሆነበት ቀን። ጋሼ ጣታቸው አልሳተም ነበር።

በማግስቱ የቢሮው ባለሙያ መጣ። ሁላችንንም አስቀምጦ እጀታውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

"ሴቲንጉን ያደረገው ማነው?"

አፌን ከፈትኩ። መናገር ፈልጌ ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ግን ዲፕሎማዬ ታየኝ፤ ከአባላቱ ሁሉ አንደኛ ነኝ ብዬ ስታበይ የከረምኩት ታየኝ፤ አባቴ ይህን ሲሰማ የሚሆነው ታየኝ። ፈራሁ። ጋሼ ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ቁጥሩ አይታየኝም። ደብቄያችሁ ነው። ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም።"

"ጋሼ..." አልኩ።

"የሚያውቀው ነገር የለም አልኩ" አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያን ቀን ብቻ ሰማሁ።

እኔም ዝም አልኩ። ስማቸው ከመዝገቡ ሲሰረዝ ዝም አልኩ። ደንቡ ሲነበብ፣ ያ የእኔ ያማረ እጅ ጽሑፍ፣ ዝም አልኩ። ጋሼ ጓንታቸውን አጣጥፈው፣ መነጽራቸውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወጡ። ቃሬዛውን ከጥግ እስከ ጥግ እንደገና በየድኩት፤ ወፍጮውን እያዳመጥኩ። ለእድሩ ሰዎች ስሰጣቸው ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ጋሼ ለዓመታት ወደ ሼዱ አልመጡም። እኔም ቤታቸው አልሄድኩም፤ ምን ብዬ? ቀዩን ቀለም ከሰሌዳው ላይ በምላጭ ፋቅሁት፤ ጥላው ግን አልለቀቀም። ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የጎረቤት ሰው መርቶ አምጥቷቸው ነበር። ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው። "ሥራህን ሥራ፤ ድምፁን ልስማ ብዬ ነው" አሉኝ።

የበር ፍሬም እየበየድኩ ነበር። መሐል ላይ ደረስኩ።

"ወፍጮው ቆመ" አሉ ከኋላዬ። "ቀንሰው።"

ቀነስኩ። የብየዳውን ሽጉጥ አስቀምጬ ዞር አልኩ።

"ጋሼ፣ ያኔ ድምፁ እንደደከመ ያውቁ ነበር። ለምን መለሱት?"

ነጩ ዓይናቸው ወደ እኔ አቅጣጫ ነበር።

"ለእኔ ብለህ የቀባኸው ነው" አሉ። "እንዴት ብዬ ልለፈው?"

የብየዳውን ሽጉጥ መልሼ አነሳሁ። የዚያች ሴት ክንድ በሁለታችንም ሐሳብ ውስጥ የነበረ ይመስለኛል፤ አላነሳነውም። ማዶ ወፍጮው እንደገና ተነሣ፤ አምፖሉ ደበዘዘ።

"አሁን ጨምር" አሉኝ።

ጨመርኩ።