የጉርጦቹ ጠባቂ

በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ለማስተማሪያ በጠርሙስ አልኮል ውስጥ የተነከሩ ጉርጦችን የሚጠብቁት ሰውዬ ፊታቸውም እጃቸውም በእባጭ የተሞላ ነው። በሙቀት እንኳ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ይጠመጥማሉ። ምሳቸውን እዚያው ጠርሙሶቹ መሀል ብቻቸውን ይበላሉ።

ትናንት ጠዋት አንዲት ተማሪ፣ "አባባ፣ ጉርጥ ከእንቁራሪት በምን ይለያል?" አለቻቸው።

"ጉርጥም እንቁራሪት ነው፣ ልጄ። ቆዳው ስለሻከረ ሰው ለብቻው ስም አወጣለት እንጂ፣ በሳይንሱ አመዳደብ ከእነሱው ወገን ነው" አሏት፣ አንዱን ጠርሙስ በጨርቅ እየወለወሉ።

ከቀትር በኋላ እህታቸው ጥቁር ለብሳ መጣች። ከደጃፉ አላለፈችም።

"እማዬን ከቀበርን ሳምንታችን ነው። ዘመዶቻችን አንተን ካየ ለቀስተኛው ይሸሻል ብለው ነው ያልጠሩህ" አለቻቸው።

ሰውዬው በእጃቸው የያዙትን ጠርሙስ አስቀመጡ። "ስሜን አንስታ ነበር?"

እህትየው መሬት መሬቱን እያየች፣ "እስክትሞት ድረስ" አለች።