እንዴት አመሹ ብዬ ዝም ያልኩባት ማታ

ወሬው የደረሰኝ ከሱቅ ስመለስ ነው። በአንድ እጄ የምስርና የሽንኩርት ከረጢት፣ በሌላው ጃንጥላ ይዤ ወደ ሰፈሬ ሴንት ጄምስ ታውን ሳዘግም ሰናይት ኮል አደረገች።

"አስኩዬ፣ ሬዲዮ ላይ ታነቢያለሽ?"

"መጀመሪያ እንዴት ዋልሽ በይኝ" አልኳት። ሳቀች። ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ ስለሆነች ሰላምታው ብዙ ጊዜ ይቀርባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን ምዕራብ ዳር፣ ኢቶቢኮ ውስጥ፣ የድሮ ሬዲዮ የሚወዱ ሽማግሌዎች ማኅበር አላቸው። ሬዲዮ ገና በተጀመረበት ዘመን ይሠራ እንደነበረው፣ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ስርጭት ሊያደርጉ ፈቃድ አግኝተዋል። ማሰራጫው እንደ ድሮ ሬዲዮ እየጋለ በሚበራ የመስታወት አምፖል የሚሠራ ነው፤ ሁሉም ነገር በቀጥታ፣ ያለ ምንም ቅጂ ይተላለፋል። በከተማው ከሚነገሩት ቋንቋዎች ለጥቂቶቹ በየማታው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ሲሰጡ አማርኛ የሚያነብላቸው ሰው አጡ። አሮጌ የሬዲዮ መቀበያዎችንም ለአረጋውያን መኖሪያዎች አውሰዋል። አንደኛው የሰናይት እናት፣ እትዬ የሺ፣ ያሉበት፣ በከተማው ሰሜን ያለው የኖርዝ ዮርክ መኖሪያ ነው።

እትዬ የሺ እዚህ አገር ስመጣ በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት ነበር። ስንት ዓመት ቅዳሴ አብረን ሄደናል። ጉልበታቸው ደክሞ መኖሪያው ከገቡ ወዲህ ግን፣ ክረምቱን ሙሉ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሐኪሙ ምንም አላገኘባቸውም። ይበላሉ፣ ያማትባሉ፣ እጄን ስሰጣቸው ይስማሉ፤ አይናገሩም።

"እማዬ እኮ ሬዲዮ ትወዳለች" አለች ሰናይት። "ምናልባት ያንቺን ድምፅ ብትሰማ..." አልጨረሰችውም። እኔም ለንስሐ አባቴ ነግሬ እሺ አልኩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ከኒቆዲሞስ ማግስት እስከ ሆሳዕና ዋዜማ።

ሰኞ

ከምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ ከሸርቦርን ጣቢያ ወደ ምዕራብ ባቡር ያዝኩ። የመጨረሻው ጣቢያ ኪፕሊንግ ላይ ሁለት ዶላር ከምናምን ከፍዬ ሻይ ጠጣሁ፤ ከዚያ አውቶቡስ። ጎማ ቤት፣ መጋዘን፣ እንደገና መጋዘን፤ ጥግ ጥጉን እንደ ቆሸሸ ጥጥ የተከመረ በረዶ። አውሮፕላኖቹ ጣራ ሊነኩ እየመሰሉ ያልፋሉ። የማኅበሩ ክፍል ከአንድ ምንጣፍ መሸጫ ጀርባ ነው። በጨለማው ውስጥ የማሰራጫው አምፖሎች እንደ ጧፍ ቀላ ብለው ሲበሩ ሳይ ሳላስበው አማተብኩ።

ማሰራጫውን የሚጠብቁት ሚስተር ዋልተር ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ሹራባቸውን ገልብጠው የሚለብሱ ሰው። የድስት ክዳን ከሚያህል ማይክሮፎን ፊት አቆሙኝና ጀምሪ አሉኝ።

"የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንዴት አመሻችሁ?" ብዬ እጅ ነሣሁ። ጎንበስ ስል ድምፄ ወለሉ ላይ ቀረ። ቀና አልኩና ዝም አልኩ። ሰውን ሰላም ብሎ መልሱን ሳይሰሙ ወሬ መጀመር በእናቴ ቤት ነውር ነበር፤ አፌ በራሱ ጊዜ ጠበቀ። ሚስተር ዋልተር ግን አምፖል የተቃጠለ መስሏቸው ወንበር ገልብጠው ተነሡ። ሽቦ ነቀነቁ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ አሉኝ። የአየሩን ሁኔታ እንዴት አንብቤ እንደጨረስኩ አላውቅም።

ሲያበቃ ምን ነክቶሽ ነው አሉኝ። መልስ እየጠበቅሁ ነበር አልኳቸው።

"የማንን?"

"የሰላምኳቸውን ሰዎች።"

መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በሬዲዮ ላይ ዝምታ ሞት ማለት ነው፤ አድማጭ ጣቢያውን ለውጦ ይሄዳል ብለው አስረዱኝ። ወለሉ ላይም በጠመኔ መስመር አሰመሩልኝ፤ እዚያ ላይ ቆሞ ማንበብ እንጂ ማጎንበስ የለም።

ማክሰኞና ረቡዕ

በጠመኔው ላይ ቆሜ፣ ሰላምታዬን እንደ ሩጫ እያሳለፍኩ፣ የአየር ሁኔታና አንድ አንድ ተረት አነበብኩ። የሚስተር ዋልተር ባለቤት ሚሲስ ኦድሪ ማክሰኞ በክሬም የተሞላ ዶናት ይዘው መጡ። ጾም ነው አልኩ። ረቡዕ ወተት የሌለበት ኬክ ጋግረው መጡ። እንቁላልስ? አለበት። ተናደዱ፤ በእኔ ሳይሆን በኬኩ።

አውቶቡስ ስጠብቅ ሰናይት ትደውላለች። ሬዲዮውን ከእናቷ አልጋ አጠገብ ከፍታ ትቀመጣለች፤ እሳቸው ያዩታል፣ በቃ። ረቡዕ ማታ "ይቅር አስኩዬ፣ ከሥራ ላይ አትድከሚ" አለችኝ። ድምጿን ስሰማው እሷ ነበረች የደከመችው።

ሐሙስ

ሚሲስ ኦድሪ የተቀቀለ ድንች በዘይትና በጨው አመጡና ስበላ አጠገቤ ቆመው አዩኝ። አሸነፍኩሽ አሉኝ።

ማታ ሰናይት ከእናቷ ዘንድ መጥታ በመኪና ወሰደችኝ። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ስለ ልጅነቷ አወራችኝ። በሰፈራቸው መጀመሪያ ሬዲዮ የገባው እነሱ ቤት ነው። ሲመሽ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ሲል እናቷ ከጓዳ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?" ይሉት ነበር። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

"አይሰማሽም እኮ ስንላት ምን ትለናለች መሰለሽ? 'እሱ ባይሰማ እኔ ባለጌ ልሁን?'"

ሰናይት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አራት ማታ ሙሉ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ አንኳኩቼ፣ ሳይከፍቱልኝ ዞር ስል ነው የከረምኩት።

ዓርብ

ሚስተር ዋልተርን ለነገ ማታ ዝምታ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ስንት ሰከንድ አሉኝ። አባታችን ሆይን በልቤ እስክጨርስ አልኳቸው። የማኅበሩ ሰዎች አልወደዱትም፤ የመጨረሻው ማታ እንዴት በዝምታ ይበላሻል አሉ። ሚስተር ዋልተር ማሰራጫቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ሰሟቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ ሰምቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አንድም ቀን መልሴን የጠበቀ የለም።"

ከዚያ ዝምታዬን በመርሐ ግብሩ ላይ ጻፉት።

ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ

ሰናይትን ሥራ ስለጠሯት እናቷ ዘንድ አልነበረችም። ሬዲዮውን እንድትከፍት ለአስታማሚዋ ነግራታለች።

"እትዬ የሺ፣ አስካለ ነኝ። እንዴት አመሹ?"

ዝም አልኩ። ከአምፖሎቹ እዝዝታ በቀር ድምፅ አልነበረም። ሚስተር ዋልተር እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሰውን ሁሉ አስቁመዋል። ከክፉ ሁሉ አድነን የሚለው ላይ ስደርስ የእሳቸውም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሜን ብዬ ስለ ሆሳዕና ዘንባባ ማንበብ ጀመርኩ። ስጨርስ የጠመኔውን መስመር አለፍኩና ለማይክሮፎኑ ጎንበስ ብዬ ተሰናበትኩ። ሬዲዮ እንዲህ ነው፤ ትናገሪያለሽ እንጂ አትሰሚም።

እሑድ

ከቅዳሴ ወጥቼ ዘንባባዬን ይዤ በያንግ መስመር ባቡር ወደ ሰሜን ሄድኩ። አስታማሚዋ ሜሪሴል ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ የሺ ትናንት ማታ ተናገሩ አለችኝ።

ድምፄን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። ከዚያ ተናገሩ፤ ረጅም ነበር፣ ለስላሳ ነበር። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። ቋንቋውን ባላውቀውም ጥያቄ ነበር አለች ሜሪሴል። ጠየቁና ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አዘንብለው ጠበቁ። ሬዲዮው ግን ስለ ዘንባባ ማውራት ጀመረ።

መልስ ጠብቄ፣ ጥያቄያቸውን ጥዬ ሄጃለሁ።

ገባሁ። እትዬ የሺ ዘንባባውን ተቀብለው ሳሙት፤ ከጫፉ ቀደው ቀለበት አሰሩልኝ። "እትዬ፣ ምን ነበር የጠየቁኝ?" አልኳቸው። በአገጫቸው ሬዲዮውን አሳዩኝ፤ ለእሱ ነግሬዋለሁ እንደማለት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ በዝምታ ሳቁብኝ። ሲስቁ ካየኋቸው ከርሞ ነበር። ለሰናይት ደውዬ ስነግራት ደግመሽ ንገሪኝ አለች፤ ደገምኩላት።

ሚስተር ዋልተር ፈቃዱ ቢያልቅም መቀበያው እትዬ የሺ ዘንድ ይቆይላቸው ብለዋል። እኔ በአውቶቡስና በባቡር ወደ ቤቴ ተመልሼ፣ የድሮ በራቸውን አልፌ ገባሁ። በዚያ ሳምንት መንገድ የተማርኩት ያው እናቴ ያስተማረችኝን ነው፤ ሰላም ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ለመልሱ ቆሜ ለጥያቄው መቆምን እንደምረሳ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሜሪሴል እንደነገረችኝ እትዬ የሺ ሲናገሩ ነጭ የለበሱ ሦስት ሴቶች፣ አረጋውያን ሊጠይቁ መጥተው፣ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። አንዷ አሜን ብላ ዓይኗን ጠርጋለች። በእኛ ደብር ጠይቄ አላገኘኋችሁም። እናንተ እኅቶቼ፣ ይህን ካነበባችሁ፣ የተናገሩትን ሁሉ ባታስታውሱ ግድ የለም። መጨረሻ ላይ የጠየቁኝን ብቻ ንገሩኝ። እትዬ መልሴን እየጠበቁ ነው።