የማትደርቀው ክፍል

ቀለም ቀቢዋ አዲስ ቤት በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምታስተውለው ግድግዳውን አይደለም። የግቢው በር ሲከፈት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ነው የምታዳምጠው። የዚህኛው ቤት በር ብረት ነበር፤ ሲገፉት አንዴ ያቃስትና ዝም ይላል። ከበሩ ከትልቁ ቤት ጀርባ እስካለችው ክፍል ድረስ ደግሞ መሬቱ ጠጠር ለብሷል፤ የሚመጣው ሰው ከመታየቱ በፊት እግሩ ይሰማል። ይህን ስታውቅ ትንሽ ተንፈስ አለች። ጠጠር ያለበት ግቢ ደግ ግቢ ነው፤ ሰው ድንገት አይደርስባትም።

እሷና እናቷ ግንባታቸው እያለቀ ባሉ የሰው ቤቶች ውስጥ ተደብቀው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም ሰው ተከራይተው ነበር። ብሩሿ ያመጣውን ሁሉ ኪራይ እየተቀበለ ይበላው ነበር። አከራይ በጨመረ ቁጥር እነሱ ወደምትጠበው ክፍል ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ የገቡባት አልጋና ሰው አብረው የማይቆሙባት ነበረች። አንድ ቀን ቀብታ የጨረሰችውን ትልቅ ቤት ስትቆልፍ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ጣሪያ ያለው፣ ውሃ የገባለት፣ መስኮቱ መስታወት የለበሰ ቤት ማንም ሳይተኛበት ወራት ያልፋል። እሷ ደግሞ ጎኗን የምታሳርፍበት ፍለጋ ዕድሜዋን ትገፋለች። ለሚያሠራት ፎርማን ሐሳቧን በሹክሹክታ ነገረችው።

ፎርማኑ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ አሰበ።

«ዕቃ ስለሚጠፋ ሌሊት ሰው ቢኖርበት አልጠላም» አላት። «ግን ባለንብረት ቢያይሽ እኔ አላውቅሽም። የእጅሽንም ዋጋ እንዳትጠይቂኝ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ኪራይ ይበላው የነበረው ገንዘብ መጠራቀም ጀመረ። አሁን ከከተማው ዳር ለአንዲት ክፍል ቀብድ ከፍላለች። የዚህ ቤት የሥራ ዋጋ ሲጨመርበት ክፍሏ የነሱ ትሆናለች፤ በቀጠሮው ካልደረሰች ቀብዱም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ይህን ቤት ሳይታዩ መጨረስ ነበረባቸው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ዘዴዋ ቀላል ነበር። ከሁሉም ክፍል የሚኖሩባትን መጨረሻ ላይ ትቀባለች፤ በሯ ላይ «እርጥብ ቀለም፣ አትንኩ» የሚል ካርቶን ትሰቅላለች። ማንም ለልብሱ ስለሚሳሳ ያንን በር የሚገፋ የለም። ፍራሻቸው ቀን ቀን ተጠቅልሎ ቀለም በተረጨበት ሸራ ይሸፈናል። ድስቱና ሳህኑ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ገብተው ይከደናሉ። እናቷ ሠራተኞቹ እስኪወጡ ድረስ ከክፍሏ ጋር በተያያዘችው መታጠቢያ ቤት፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ሳል ሲመጣባት ፎጣ ትነክሳለች።

ቧንቧ ሠራተኛው ቀልደኛ ሰው ነው፤ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር አይምራትም።

«አንቺ ቀቢዋ፣ ይቺ ክፍል መቼ ነው የምትደርቀው?»

«ቀለሙ ወፍራም ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ከሮለሩ ሳታነሳ።

«እኔ እኮ ሳያት ታሳዝነኛለች። ብርድ ልብስ ላልብሳት?»

ሌሎቹ ይስቃሉ። እሷም ፈገግ ትላለች። ያውቅ ይሆን? ብርድ ልብስ ለምን አለ? ቀኑን ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ስታገላብጥ ትውላለች።

ማታ ስትነግራት እናቷ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ ድምፅ አውጥታ መሳቅ ከተወች ግን ቆይታለች።

«እውነቱን እኮ ነው ልጄ። እዚህ ከገባን ጀምሮ እርጥብ ነኝ፤ የሚያሰጣኝ ጠፋ እንጂ።»

«እማዬ፣ ቀስ በይ። ይሰማል።»

«ማን ሊሰማኝ? ባልዲው?»

የልጅቷ ፍርሃት እንደ ጥርስ ሕመም ነበር፤ ሥራ ሲበዛ ይረሳል፣ ጋደም ሲሉ ይነሳል። በእንቅልፏ ጠጠር ትሰማለች። ብድግ ብላ የባልዲዎቹን ክዳን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ማንኪያ ውጭ ቀርቶ እንደሆነ፣ ሹራቡ መስኮቱ ላይ ተረስቶ እንደሆነ።

ብርዱ ሲበረታ የእናቷ ሳል ወደ ደረቷ ወረደ። ቡታጋዙን ለሙቀት ብለው ቶሎ ቶሎ ማቀጣጠል ጀመሩ። ክሩ ያረጀ ስለነበረ ያጨሳል፤ ጭሱም ግድግዳው ላይ ጥቁር ደመና ሳለ። ለመቀባት ጊዜ አለኝ ብላ ተወችው። አንድ ቀን ግን ሠራተኞቹ ወጥተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፎርማኑ ደወለ።

«ባለንብረቷ ነገ ጠዋት ትመጣለች። ሁሉም ክፍል አልቆ ማየት እፈልጋለሁ ብላለች። ሰምተሻል? ሁሉም።»

ስልኩን ዘግታ ጥቁሩን ደመና አየችው። ጥላሸት በውሃ በሚበጠበጠው በፕላስቲክ ቀለም አይሸፈንም። መጀመሪያ በዘይት ቀለም መታፈን አለበት፤ ያ ደግሞ እስኪደርቅ ቀን ይፈጃል፣ ሽታውም ደረቱን ለታመመ ሰው አይሆንም። ይህን ለጀማሪ ቀቢዎች የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት። ያን ምሽት ግን እጇ የሚያውቀውን ትቶ ፍርሃት ያዘዘውን ሠራ። ፕላስቲክ ቀለሙን ከፍታ አንዴ ቀባች፤ ደገመች። ግድግዳው ወተት መሰለ።

«አየሽ፣ ጠፋ» አለች እናቷ ከብርድ ልብሷ ውስጥ።

ልጅቷ የቀለሙን ክዳን ገጠመች።

ሲነጋ እናቷ ትኩሳት ይዟት መቆም አቃታት፤ ጎረቤት ወዳለው መናፈሻ ወስዳ ልታስቀምጣት ያሰበችው ቀረ። ደግፋ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አስገባቻት። ዞር ብላ ግድግዳውን አየችው። ነጩ ሲደርቅ ከሥሩ ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። መጀመሪያ ጠብታ ሻይ መሰለ፤ እያየችው የፈሰሰ ሻይ ሆነ። ሮለሯን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። የግቢው በር አቃሰተ።

ከዚያ ጠጠሩ።

ባለንብረቷ ጠና ያለች፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ጫማዋ ውድ ነው፤ ተረከዙ ግን ወደ አንድ ጎን አልቋል። ፎርማኑ ሳሎኑን ሊያሳያት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ዞር ብላ እንኳ ሳታየው በቤቱ ጎን አልፋ መጣች።

«የጀርባዋን ክፍል ነው ማየት የምፈልገው።»

«እትዬ፣ እሷ ገና እርጥብ ናት» አለ ፎርማኑ፣ ካርቶኑን እያሳየ።

«አልነካም» አለችና በሩን ገፋችው።

ቀለም ቀቢዋ ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር፤ በጀርባዋ ልትሸፍነው ሞከረች፣ እድፉ ግን ከሷ ይሰፋል። ባለንብረቷ በእጇ ምልክት ገለል አደረገቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው» አለ ፎርማኑ ቶሎ ብሎ። «ያ ቧንቧ ሠራተኛ ነው ያበላሸው። ከደሞዙ እቆርጥበታለሁ።»

ዝም ማለት ይበቃት ነበር። ዝም ብትል ክፍሏ፣ ቀብዱ፣ የራሷ በር፣ ሁሉም በቦታው ይቆያል። ነገር ግን «ብርድ ልብስ ላልብሳት?» ያለው የቧንቧ ሠራተኛው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«ውሃ አይደለም እትዬ» አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። «ውሃ አይደለም። የኛ ጭስ ነው።»

«የእናንተ? የማን?»

ያኔ እናቷ ሳለች። ፎጣውን ነክሳለች፤ ሳሉ ግን ፎጣውን አልፎ ወጣ።

ፎርማኑ ወደ መሬት አየ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ፤ ባለንብረቷ ውጭ እንዲጠብቃት ነገረችው። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተች። አሮጊቷ ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሹራቧን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየቻት።

«ግቢ ልጄ» አለች። «መቀመጫ እንኳ የለም። ባልዲ ካልናቅሽ አለ።»

ቀለም ቀቢዋ ዓይኗን ጨፈነች። ስድብ ጠበቀች፤ ስልክ ሲደወል፣ ዘበኛ ሲጠራ ጠበቀች። የሰማችው ግን የባልዲ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ተቀምጣለች።

«ማታ ማታ እንዴት ነው? ይበርዳል?»

«ከመስኮቱ ሥር ይበርዳል።»

«ጣሪያውስ? ያፈሳል?»

«አያፈስም። ሲነፍስ ይንኳኳል፣ ቆርቆሮው ነው። መጀመሪያ ቀን ሌባ መስሎኝ ነበር።»

«አልጋ ሲገባ መተላለፊያ ይኖራል?»

አሮጊቷ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ይሄን ሁሉ ለማን ነው የምትጠይቂው? ለዘበኛሽ ነው?»

ባለንብረቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለኔ ነው» አለች። «ትልቁን ቤት ላከራየው ነው። እሱ ካልተከራየ የባንኩ ዕዳ አይለቀኝም። እኔ እዚህ ነኝ የምኖረው። ልጆቼ አያውቁም፤ ጓደኞቼም።» ጣቶቿን አጠላለፈች። «ይቻላል?»

«ይቻላል። ትለምጂዋለሽ።»

«ፍርሃቱስ?»

«እሱን እኔም አልቻልኩበትም።»

ሴትዮዋ ስትነሳ ፊቷ ተመልሶ የባለንብረት ፊት ሆነ። ወደ ቀለም ቀቢዋ ዞረች።

«ይሄን ግድግዳ እንደሚገባው ሠርተሽ ትወጫለሽ። እናትሽን ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ዋጋሽን ፎርማኑ ይሰጥሻል፤ ካልሰጠሽ እኔን ጥሪኝ። እኔ እዚህ ያየሁት ሰው የለም። አንቺም የሰማሽው ነገር የለም።»

«የለም እትዬ።»

ጠጠሩ ሲርቅ ሰማችው። ያኔ ነው እናቷ እግር ሥር ቁጭ ያለችው።

ግድግዳው ተሠርቶ፣ ዋጋዋም ተከፍሏት የገዙት የራሳቸው ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የጎረቤት ግንብ ያያል። በገቡ በጥቂት ቀን፣ እናቷ እየተሻላት እያለ፣ በር ተንኳኳ። ቀለም ቀቢዋ ሳታስበው ድስቱን ባልዲ ውስጥ ከታ ከደነችው፤ ፍራሹን መጠቅለል ጀምራ እኩሌታ ላይ ስትደርስ እናቷን አየቻት። እናቷም ፎጣዋን ነክሳ ነበር።

ተያዩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ» አለች እናትየው፣ «የራሳችን በር እኮ ነው።» ይህንንም ያለችው በሹክሹክታ ነው።

ደግሞ ተንኳኳ። «ሰው አለ?» አለ የሴት ድምፅ ከውጭ። «ዝም ስትሉ ቤቱ ባዶ መስሎኝ ነው። ጎረቤት ነኝ።»

ቀለም ቀቢዋ መቀርቀሪያውን ያዘች። ከኋላዋ እናቷ ፎጣውን አውጥታ፣ ጮክ ብላ፣ ደረቷ እስኪጠራ ድረስ ሳለች።

«አለን» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ እንደ ዛገ በር አቃሰተ። «አለን፣ ልከፍት ነው።»